ሦስት ጉልቻ፣ ሦስት ጎማ

በአማርኛ «አዘለ» ሥራ የሚበዛበት ግስ ነው። ልጇን ያዘለች እናት፣ ዝናብ ያዘለ ደመና፣ ቁም ነገር ያዘለ ንግግር እንላለን። ያልበሰለ ሰው ሲያናድደን «ገና ከአንቀልባ ያልወረደ» እንለዋለን። ልጅን ጎማ ላይ አስቀምጦ መግፋት ግን ቁርጥ ያለ ስም የለውም። አዲስ አበባ ላይ ገሚሱ «ጋሪ» ይላል፣ ገሚሱ «የልጅ ጋሪ»፣ ገሚሱ «ስትሮለር»። ጋሪ ሲባል ደግሞ መጀመሪያ ዓይናችን ላይ የሚመጣው ፈረስ ነው። ቋንቋው ስም ሊሰጠው ገና የሚያመነታው ዕቃ፣ እኛ ዘንድ ያለው ታሪክም አጭር ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ዕቃ እንዳስብ ያደረገኝ የቤተሰብ ክርክር ነው። ውጭ አገር የምትኖር የአጎቴ ልጅ፣ መሐል ሜዳ ላለ አንድ ዓመት ላለፈው ሕፃን የልጅ ጋሪ መላክ ፈለገች። ባለ ሦስት ጎማ ይሁን ወይስ ባለ አራት? ጥያቄው ወደ እኔ የመጣው «ኢንጂነር አይደለህ እንዴ» ተብሎ ነው። እኔ የምሠራው ሶፍትዌር ነው፤ ጎማ አይደለም። ምንጊዜም የማይጠፋብኝ ጥያቄ ግን አለ፦ ይህ ነገር የሚሠራው ምን ሲኖር ነው? አክስቴ ጥያቄውን በራሷ መንገድ አቀረበችው። «እሱ ዕቃ የተሠራው ለአስፋልት ነው፤ ልጁ ግን የኛ ነው» አለች።

እኛ ሶፍትዌር የምንጽፍ ሰዎች «ዲፔንደንሲ» የምንለው ነገር አለ። አንድ ፕሮግራም እንዲሠራ ቀድመው መኖር ያለባቸው ሌሎች ነገሮች ማለት ነው። የጎማ ዲፔንደንሲው መንገድ ነው። ስለዚህ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ላይ የልጅ ጋሪ ለመምረጥ፣ መጀመሪያ መንገዱ ለማን ሲባል እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። መልሱ ያለው ታሪክ ውስጥ ነው።

ከአንቀልባ እንጀምር። አንቀልባ ከለፋ ቆዳ የሚሠራ ማዘያ ነው። ሕፃኑ ጀርባ ላይ ይለጠፋል፣ እግሮቹ በእናቱ ወገብ ግራና ቀኝ ይዘረጋሉ፣ ጠፍሩ በትከሻና በደረት በኩል ዞሮ ይታሰራል። ያማረው አንቀልባ ጠርዙ ላይ ዛጎልና ጨሌ ይደረደርበታል፤ ለጌጥም ከክፉ ዓይን ለመጠበቅም ነው። እንደ መሣሪያ ስናየው የሚያስገርም ነገር አለው፦ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፣ ሲታጠፍ ከአንድ ፎጣ ብዙም አይበልጥም፣ የእናትየዋን ሁለት እጅ ነፃ ያደርጋል። ብርድ ባለበት ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ የጓሳ ሜዳ ከዚያም ከፍ ይላል፤ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ከመንዝ በግ ፀጉር የተሠራ ባና ከላይ ሲደረብበት፣ አንቀልባ ውስጥ ያለ ልጅ የሚሞቀው በእናቱ ገላ ነው። ጋሪ ላይ የተቀመጠ ልጅ ይህ ሙቀት የለውም፤ የሚሞቀው ባለበሱት ልክ ነው።

አንቀልባ ከመንገድ የሚፈልገው አንድ እግር የሚረግጥበት ቦታ ብቻ ነው። ይህ ለመንዝ ትልቅ ነገር ነው። መንዝ በባህሉ ሦስት ነው፦ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር። ከላይ ሲያዩት ሜዳ ነው፤ ጠርዙ ላይ ሲደርሱ ግን መሬቱ ድንገት ያልቃል። ወንጭት፣ አዳባይና ሞፈር ውሃ አምባውን ቆራርጠውታል፤ መርሐቤቴም በጀማ ሸለቆ ተከቦ የቆመ ነው። ይህ ገደል ለረጅም ጊዜ ጥቅም ነበረው። የሸዋ ነገሥታት ሐረግ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በነጋሢ ክርስቶስ የተነሣው ከዚሁ ከመንዝ ነው፤ ገደሉ እንደ ግንብ ሆኖ አገሩን ሲጠብቅ ኖሯል። መንገድ የሌለው አገር ለወራሪም አይመችም። ለጎማም እንዲሁ።

ታዲያ አባቶቻችን ጎማን አያውቁትም ነበር? ያውቁታል፤ የሚያውቁት ግን ከመጽሐፍ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የህንደኬ ባለሟል የሆነው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ የሚጓዘው በሠረገላ ተቀምጦ ነው። ሕዝቅኤል ራእዩን የሚያየው በመንኮራኩር ነው። በክብረ ነገሥት ደግሞ ቀዳማዊ ምኒልክ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ ሠረገላዎቹ ከምድር ከፍ ብለው በአየር ይጓዛሉ። ይህን ባስታወስኩ ቁጥር ፈገግ እላለሁ፤ ጸሐፊው መንገዳችንን የሚያውቅ ሰው ይመስላል። «መንኮራኩር» የሚለውን ቃል ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው «የጠፈር መንኮራኩር» ሲባል ነው። ለጎማ የነበረን ጥንታዊ ቃል አሁንም መሬት አልነካም።

መሬት ላይ ሸክሙ በሰውና በእንስሳ ጀርባ ነበር፤ በአህያ፣ በበቅሎ፣ በግመል። ጎማ በደጋው ላይ ሲመጣ የመጣው ለማን እንደሆነ የሚያሳይ የታወቀ ታሪክ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 70 ኩንታል ገደማ ይመዝን ነበር። ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ለማድረስ ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ስድስት ወር ያህል ፈጀ። መድፉ በሠረገላ ላይ ስለተጫነ መንገድ ያስፈልገው ነበር፤ መንገዱም ድንጋይ እየተፈነቀለ፣ ገደል እየተቆረጠ፣ በሰው ጉልበት ተሠራ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ ነበር። በዚያ ዘመን ሠራዊት ሲንቀሳቀስ ሴቶችና ሕፃናት አብረው ይጓዙ ነበርና፣ ያንኑ አገር ልጅ አዝለው የተሻገሩ እናቶች ነበሩ ማለት ነው። ለእነሱ የተቆረጠ ገደል የለም፤ አንቀልባው አያስፈልገውምና።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ነጋዴ መንገድ መዳመጫውን በእንፋሎት የሚሄድ መኪና አስመጣ፤ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» አለው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል አዲስ አበባ አደረሰ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተሳፈሩበት። መጀመሪያ መድፍ፣ ቀጥሎ መንገድ መዳመጫ፣ ከዚያ የንጉሥ መኪና። ሕፃን በተራው ውስጥ ገና የለም።

ወደ ሰሜን ሸዋ ደጋ እውነተኛ የመኪና መንገድ ያመጣው ጦርነት ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገሩን ከያዘ በኋላ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደውን መንገድ በጣርማበር ተራራ ሥር በዋሻ አሳለፈው፤ ዋሻው እስከ ዛሬ አለ። ካሚዮን ሲመጣ አርበኛና ቤተሰቡ ካሚዮን ወደማይደርስበት ሸሹ። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በጌራ ምድር፣ ዘረት በሚባለው ቦታ፣ አመፀኛ ዋሻ ውስጥ ተጠልለው የነበሩ አርበኞች ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው በመርዝ ጋዝ ተጠቁ፤ እጅ ከሰጡት መካከል ወንዶቹ ተረሸኑ። ወደዚያ ዋሻ የሚወርደውን ገደል ሕፃን በጀርባ ካልሆነ በምንም አያልፈውም። መንዝ ውስጥ ስለ ጎማና ስለ አንቀልባ ሲወራ ይህ ነገር አብሮ መነሣት አለበት እላለሁ። ለዚህ አገር ሰው መንገድ መጀመሪያ የመጣለት እንደ ልማት አልነበረም።

የጎማ ቋንቋችን ራሱ የዚያን ዘመን አሻራ ተሸክሟል። ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ካላማዳሪ፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ልጆች ግን ቃሉንም ዕቃውንም የራሳቸው አድርገውታል። ያረጀ ኩሽኔታ ከጋራዥ ለምኖ፣ ከጣውላ ጋር መትቶ፣ ቁልቁለት ላይ ጋሪ የነዳ ልጅ በየከተማው አለ። እንደ እኔ ከሆነ፣ ለልጅ ተብሎ የተሠራውን የመጀመሪያ ጎማ ያገኘነው ከራሳቸው ከልጆቹ ነው።

በሌላው ዓለም የሆነው በተቃራኒው ነው። የልጅ ጋሪ ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው እ.ኤ.አ. በ1733 ዊልያም ኬንት የተባለው እንግሊዛዊ የአትክልት ሥፍራ ነዳፊ ለዴቮንሻየር መስፍን ልጆች ከሠራት የዛጎል ቅርጽ ያላት ሠረገላ ነው። የምትጎተተው በፍየል ወይም በትንሽ ፈረስ ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ ልክ ቴዎድሮስ በሚነሡበት ዘመን፣ የለንደን ሞግዚቶች ከኋላ የሚገፋ የልጅ ጋሪ መግፋት ጀመሩ። ከእነዚያ ቀደምት ጋሪዎች ብዙዎቹ ባለ ሦስት ጎማ ነበሩ። የተነጠፈ የእግረኛ መንገድ ቀድሞ ስለነበር ጋሪው ተከተለ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሁለት ሰዎች ጥያቄያችንን በቀጥታ ይመለከታሉ። ኦወን ማክላረን የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር፤ ስፒትፋየር የተባለው ተዋጊ አውሮፕላን መሬት ሲነካ የሚያርፍበትን እግር ከሠሩት አንዱ ነው። ያንን የመታጠፍ ጥበብ ወስዶ እ.ኤ.አ. በ1965 እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ፣ ከ3 ኪሎ የማይበልጥ የልጅ ጋሪ አወጣ። ለአውቶቡስና ለፎቅ ደረጃ ተስማሚ፤ ጎማዎቹ ግን ትናንሽ ናቸው። ፊል ቤክለር ደግሞ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ያኪማ ከተማ የሚኖር ጋዜጠኛና ሯጭ ነበር። ልጁን ይዞ መሮጥ ፈልጎ የብስክሌት ጎማ ጋሪ ላይ ገጠመ፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ቤቢ ጆገር የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። ዛሬ የምናውቀው ትልልቅ ጎማ ያለው ባለ ሦስት እግር ጋሪ ከዚያ የወጣ ነው።

በዚሁ መሐል ሌላ ነገር ሆነ። አን ሙር የምትባል አሜሪካዊት ነርስ በሰላም ጓድ ቶጎ ሄዳ እናቶች ልጆቻቸውን በጨርቅ ሲያዝሉ አየች። ስትመለስ ለራሷ ልጅ ያንኑ ሞከረች፤ ነገሩ አድጎ ስነግሊ የተባለ ማዘያ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ፓተንት ተሰጠው። አስፋልት የሞላው አገር ወደ ማዘል ሲመለስ፣ እኛ ደግሞ ጋሪ እናስመጣለን። በዚህ መሳቅ ይቻላል፤ ግን ሁለቱም ወገን የጎደለውን እየፈለገ ነው።

እኛ የጎደለን ምንድን ነው? አንቀልባን ማወደስ ቀላል ነው፤ በተለይ አዝሎ ለማያውቅ እንደ እኔ ላለ ወንድ። እውነቱ ግን መንገድ ባለመኖሩ የሚከፈለውን ዋጋ የከፈለው የሴት ጀርባ ነው። ውሃውም በጀርባ፣ እንጨቱም በጀርባ፣ ልጁም በጀርባ። እናት እንጀራ ስትጋግር ጀርባዋ ላይ ያለው ልጅ የምድጃውን ጭስ አብሯት ይስባል። ምጥ ሲመጣባት ደግሞ ተራው የእሷ ነው፤ መኪና ከማይደርስበት ቀበሌ በቃሬዛ ተይዛ፣ ጎረቤት እየተፈራረቀ ተሸክሞ፣ ጤና ጣቢያ ትደርሳለች፤ ከደረሰች። አንቀልባ መንገድ አልፈልግም ሲል፣ መንገድ ለመሥራት ላልቸኮለ ሁሉ ተመችቶታል።

አሁን ወደ ጎማ ቁጥር። ሦስት ወይስ አራት ለሚለው መልስ ከየትኛውም ኢንጂነር በፊት የደጋ ሴት ታውቀዋለች፦ ጉልቻ ለምን ሦስት ሆነ? ሦስት ድንጋይ ወጣ ገባ መሬት ላይም ቢቀመጥ አይወላገድም። አራተኛ ከጨመርክ ሁልጊዜ አንዱ አየር ላይ ይቀራል፣ ምጣዱም ይናጣል። ባለ ሦስት ጎማ ጋሪም እንዲሁ ነው፤ ኮብልስቶን ላይ ሦስቱም ጎማ መሬቱን እንደነካ ይሄዳል። ከፊት አንድ ጎማ ብቻ ስላለ በድንጋዮች መካከል አንድ መስመር መርጦ ያልፋል፤ መያዣውን ጫን ሲሉት የፊቱ ከፍ ብሎ ደረጃ ይወጣል።

ግን ሦስት መሆኑ ብቻ አይበቃም። ዋናው የጎማው ስፋት ነው። 5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ድንጋይ መንገድ ላይ አለ እንበል። የፊት ጎማው ዳር እስከ ዳር 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ በመሐሉ በኩል አግድም ተገፍቶ ድንጋዩን ለመውጣት ጎማው ላይ ካረፈው ክብደት 2.8 እጥፍ ገደማ የሚሆን ኃይል ይፈልጋል። 40 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ግን ከዚያው ክብደት 0.9 ያህል ይበቃዋል። የሦስት እጥፍ ልዩነት ነው። ትንሽ ጎማ ያለው ባለ ሦስት እግር መሐል ሜዳ ላይ የሚገፋ ሳይሆን የሚሸከሙት ዕቃ ይሆናል።

ሦስት ጎማ የራሱ ድካምም አለው፤ ባጃጅ ኩርባ ላይ ስትገለበጥ ያየ ያውቀዋል። የቆመበት መሠረት ሦስት ማዕዘን ስለሆነ ወደ ጎን ባዘነበለ መንገድ ላይ ከአራቱ ይልቅ ቶሎ ይገለበጣል። መያዣው ላይ ከባድ ዘንቢል ከተንጠለጠለ ደግሞ ወደ ኋላ ይወድቃል። ስለዚህ ለዚህ አገር የሚሆነው በኋላ በኩል ሰፋ ብሎ የቆመ፣ ልጁ ዝቅ ብሎ የሚቀመጥበት፣ የፊት ጎማው ሲያስፈልግ ቀጥ ብሎ የሚቆለፍ፣ አስተማማኝ ፍሬንና በትከሻ፣ በወገብና በጭን መካከል የሚያስር ቀበቶ ያለው ነው። ቁልቁለት በሚበዛበት ቦታ የገፊው እጅ ላይ የሚታሰር ማሰሪያም ይኑረው። ጎማው አየር የሚሞላ ቢሆን ለድንጋይ ይመቻል፤ ቢተነፍስም ከተማው ውስጥ ጎሚስታ አይጠፋም፣ መለኪያው የብስክሌት ከሆነም ካላማዳሪ ይገኝለታል። ጠንካራ ስፖንጅ የሆነው አይተነፍስም፤ ሲያልቅ ግን የሚጠግነው የለም። እየሮጡ መግፋት ደግሞ አንገቱ ላልጠና ሕፃን አይሆንም፤ በአብዛኛው ከስድስት ወር በፊት አይመከርም።

ይህ ሁሉ ለከተማው ነው። ከጠርዙ በታች ወዳለው ቀበሌ የሚወርድ ሰው ጋሪውን እቤት ትቶ አንቀልባውን ያውጣ። እግር ተዘርግቶ፣ ጉልበት ከፍ ብሎ መታዘል ለሕፃን ዳሌ መገጣጠሚያም ጥሩ እንደሆነ የአጥንት ሐኪሞች ይናገራሉ። ለአጎቴ ልጅ የመለስኩት ይኸው ነው፦ ባለ ሦስት ይሁን፣ ጎማው ትልቅ ይሁን፣ አንቀልባው ግን ከግድግዳው አይውረድ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስገርመኝ ግን ማን ይገፋል የሚለው ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ በኮሪደር ልማት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ተሠሩ። መንገዱ ሲሠራ ከሠፈሩ የተነሣ ሰው ስላለ ዋጋው ቀላል አይደለም። ግን እዚያ መንገድ ላይ አመሻሽ ላይ የሚታየው ነገር አዲስ ነው፤ ልጅ የሚገፉ አባቶች። በመንዝ ወንድ ልጅ ሲሸከም አይታይም አይባልም፤ እሽኮኮ አድርጎ ትከሻው ላይ ያስቀምጣል። አንቀልባ ማሰር ግን የሴት ነው፤ አንድ ወንድ አስሮ ገበያ ቢወጣ ሳምንት ሙሉ ይወራለታል። ያው ሰው ጋሪ ሲገፋ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ጎማ ስላለው እንደ ማሽን ይቆጠራል፣ ማሽን ደግሞ ለወንድ ተፈቅዷል። በአውሮፓና በአሜሪካ ወንዶች ከአፍሪካ እናት የተወሰደውን ማዘያ ደረታቸው ላይ አስረው ሲሄዱ፣ እኛ ገና ጎማ ካልተገጠመበት አንሸከምም ብለናል።

ተረቱ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል። ጎማም ቢለዋወጥ እንዲሁ ነው። በዚህ ደጋ ላይ ገደል የተቆረጠው ለመድፍ፣ ለንጉሥና ለካሚዮን ነበር። ለልጅ ተብሎ መንገድ መንጠፍ ከጀመረ ገና ትናንት ነው፤ እሱም ከተማ ላይ ብቻ። መንገዱ ጌራ ምድር ጠርዝ እስኪደርስ ድረስ እናትየዋ ማዘሏን ትቀጥላለች። እስከዚያ ግን ጭነቱን ለመካፈል አስፋልት የሚጠብቅ አባት ምክንያት የለውም። የአንቀልባው ጠፍር ለእሱም ትከሻ ይበቃል።